ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት ኮርኒሱን ክፈቱ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይሄን የምጽፈው ቤታችሁን ከውጪ ስታዩት ጣሪያው ተወላግዶ፣ አንዱ ጋ አብጦ ሌላው ጋ ሰርጎ የሚታያችሁ ሰዎች ካላችሁ እኔ ካለፍኩበት ነገር ትንሽ እንድትጠቀሙ ብዬ ነው። አናጺም መሐንዲስም አይደለሁም፣ ጎንደር አዘዞ የምኖር ሰው ነኝ፣ ግን በዚች አንድ ጉዳይ ዓመት ከምናምን ስለለፋሁ፣ የወንድሜንም ገንዘብ ያለቦታው ላወጣ ጥቂት ስለቀረኝ፣ ያየሁትንና የተማርኩትን በሙሉ ልጻፈው።

ቤቱ አባታችን በ1985 የሠራው ነው። የጭቃ ቤት ነው፣ ቋሚውም ማገሩም ወራጁም ባህር ዛፍ፣ ከሥር ድንጋይ፣ ከላይ ቆርቆሮ። በ2006 በስተቀኝ በኩል ሁለት ክፍል ቀጥለንበታል፣ ጣሪያውንም ከድሮው ጋር አገናኝተን አንድ ወጥ እንዲመስል አድርገን ነው ያሠራነው። በ2008 ደግሞ እህቴ ስታገባ ሳሎኑ ጠበበ ተብሎ መሀል ላይ የነበረውን ግድግዳ አፈረስን። ይሄን የመጨረሻውን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አምና ለጥምቀት አክስቴ ከዳባት መጣች። በር ላይ ተቀብያት እቃዋን ይዤ ልገባ ስል እሷ ቆመች፣ ወደ ላይ አየች አየችና "ምነው ልጄ፣ ይሄ ቤት ወገቡን አሞታል እንዴ?" አለችኝ። እኔ በየቀኑ ስወጣ ስገባ የማየው ቤት ነው፣ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ዞሬ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሳየው የጣሪያው አናት፣ ሁለቱ ተዳፋት የሚገናኙበት መስመር፣ ልክ ብዙ ጭነት እንደኖረበት በቅሎ ጀርባ መሀሉ ገብቷል። በቀኙ በኩል ደግሞ የተቀጠለው ክፍል ጣሪያ ከድሮው ዝቅ ብሎ ወደ ጥግ አዘንብሏል። በዛ ላይ ቆርቆሮው እዚም እዛም ጎድጉዷል፣ አብጧል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የተጨማደደ ጨርቅ ነው የሚመስለው። ያን ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እናቴ የምትተኛው እኮ እዛ ሥር ነው።

ከዛ ያው እንደምታውቁት ሁሉም ሰው ምክር አለው። ጎረቤት "ቆርቆሮው አርጅቷል ቀይሩት" አለ። ሌላው "በረዶ ነው የመታው" አለ። አንድ ባለሙያ ጠራን፣ መጣ፣ መንገድ ላይ ቆሞ አንዴ አየና "72 ቆርቆሮ ይፈጃል፣ ሁሉንም አውርደን በአዲስ እናልብሰው፣ በሳምንት እጨርስላችኋለሁ" አለ። መሰላል አልወጣ፣ ቤት አልገባ። እኔ ግን ያን ጊዜ ይሄ ነገር ልክ አለመሆኑን አላወቅኩም፣ እንደውም መልስ የሚሰጥ ሰው ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለወንድሜ ደወልኩለት። አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ ገንዘቡን የሚልከው እሱ ስለሆነ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላኩለት። ፎቶውን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ውስጡን አይታችኋል?" ብሎ ነው። የሱ ቤት ጣሪያ ሺንግል የሚባለው ነው፣ ሺንግል ማለት አስፋልት ጠጥቶ ላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር የተበተነበት ስስ ሉሕ ነው፣ በእንጨት ጣውላ ላይ እየተደራረበ በሚስማር ይመታል። ቤቱን ሲገዛ ጣሪያው እንደ ሐይቅ ውሃ ማዕበል ማዕበል ይል ነበር አለኝ። እሱም ሺንግሉ ተበላሽቶ መስሎት ነበር፣ ግን ቤት የሚመረምረው ሰው ባትሪውን ይዞ ጣሪያው ሥር ገባና ከሺንግሉ ሥር ያሉት ጣውላዎች እርስ በርስ ተጣብቀው እንደተመቱ አሳየው። በጣውላና በጣውላ መሀል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መተው ነበረበት፣ አልተተወም፣ እርጥበት ሲያገኛቸው አበጡና መሄጃ ሲያጡ መጋጠሚያቸው ላይ ወደ ላይ ተነሱ። ሺንግሉ ስስ ስለሆነ የሥሩን እብጠት እንዳለ አሳየው። "አዲስ ሺንግል ባለብሰው ኖሮ በሁለተኛው ዓመት ያው ማዕበል ይመለስ ነበር፣ አንተም መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን እይ፣ ብሩ የትም አይሄድም" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር የፈረንጅ አገር ጣሪያ ከኛ ጭቃ ቤት ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነበር። ግን ነገሩ አንድ ነው። ቆርቆሮ በራሱ የሚቆም ነገር አይደለም፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሳሳ ብረት ነው፣ የተኛበትን ነው የሚመስለው። ስለዚ ጥያቄዬን ቀየርኩ፣ ቆርቆሮው ምን ሆነ ማለቱን ትቼ ቆርቆሮው የተኛበት ነገር ምን ሆነ ወደሚለው ሄድኩ።

ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጺ አሉ፣ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ስንቱን የአዘዞ ቤት የሠሩ ናቸው፣ አሁን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሥራ ትተዋል። ሄጄ "ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ መጥተው ይዩልኝ፣ የሚሠራ ሰው እኔ እፈልጋለሁ፣ እርስዎ ዓይንዎን ብቻ ያበድሩኝ" አልኳቸው። እሺ አሉ፣ ግን "ነገ በ11 ሰዓት እመጣለሁ፣ ቀትር ላይ ጣሪያ አይታይም" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ሲመጡ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሁሉም ጣሪያ ለጥ ያለ ይመስላል፣ ዘቅዘቅ ስትል ግን ብርሃኑ በአግድም ስለሚመጣ እያንዳንዷ ጉድጓድ ጥላ ትጥላለች። አመሻሽ ላይ ጎሃ ኮረብታ ወጥታችሁ ከተማውን ብታዩ ይሄን ታዩታላችሁ፣ የስንቱ ቤት ቆርቆሮ ማዕበሉ በዛች ሰዓት ነው የሚወጣው። ስለዚ የራሳችሁን ጣሪያ ስትመረምሩ ወይ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወይ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ፎቶም በዛች ሰዓት አንሱት።

ጋሼ መንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለው አዩት። ከዛ እኔን መጠየቅ ጀመሩ፣ እንደ ተማሪ። "ማዕበሉ በየት በኩል ነው የሚሄደው? በአግድም ነው ወይስ ከላይ ወደ ታች?" እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር፣ ስለዚ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ቆርቆሮው የሚመታው በአግድም በተዘረጉት እንጨቶች ላይ ነው፣ ማገር የምንለው፣ ወይም በተሰነጠቀ እንጨት ከሆነ ሞራሌ። ማገሩ ደግሞ ከአናት ወደ ግድግዳ በሚወርዱት ወራጆች ላይ ይተኛል። ወራጆቹ ከላይ አናቱ ላይ ካለው አግዳሚ፣ ከታች ግድግዳው ራስ ላይ ያርፋሉ። አናቱን ደግሞ መሀል መሀል ላይ የሚሸከሙ ቋሚዎች አሉ። በቃ ጭነቱ የሚሄድበት መንገድ ይሄ ነው፣ ከቆርቆሮ ወደ ማገር፣ ከማገር ወደ ወራጅ፣ ከወራጅ ወደ ግድግዳና ወደ ቋሚ፣ ከዛ ወደ መሠረት፣ ከዛ ወደ አፈር። ከነዚህ አንዱ ሲደክም ጣሪያው ላይ የሚወጣው ቅርፅ ይለያያል።

ጉድጓዱ በአግድም መስመር እየሠራ በተደጋጋሚ ከመጣ፣ ማለት በማገርና በማገር መሀል ቆርቆሮው ሰርጎ ከታየ፣ ወይ ማገሮቹ ተራርቀዋል ወይ ቆርቆሮው ለዛ ርቀት ስስ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አናጺዎች ብዙ ጊዜ ከ90 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ነው የሚያራርቁት፣ ስስ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ከዛ መጥበብ አለበት። ወራጆቹ ከሥር እንደ ከሳ በሬ ጎድን አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ከሆነና በመሀላቸው ያለው ከላይ እስከ ታች ከሰረገ ደግሞ ማገሩ ነው የጎበጠው፣ ቀጥኗል ወይም በወራጆቹ መሀል ያለው ርቀት ሰፍቶበታል። ተዳፋቱ መሀሉ ላይ እንደ ጭልፋ ከጎደጎደ ወራጁ ራሱ ደክሟል ማለት ነው። አናቱ ከገባ ከሥሩ የሚሸከመው ነገር የለም ወይም ተበልቷል፣ በዛ ላይ ግድግዳው ከላይ ወደ ውጪ ከተገፋ ግራና ቀኝ ወራጆችን የሚያያይዘው አግዳሚ ማሰሪያ ጎድሏል ወይ ለቋል፣ ይሄኛው ከሁሉም አደገኛው ነው አሉኝ። አንድ ጥግ ብቻ ከወረደ ዓይናችሁን ከጣሪያው አንሱና መሬቱን እዩ። ቅርፅ የሌለው፣ እዚም እዛም ነጠብጣብ የሆነ ጉድጓድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሚስማር፣ የሰው እግር ወይም የበረዶ ነው፣ እሱ ቤት አያፈርስም።

"ያንተ ቤት ሦስቱም አለበት" አሉኝ። አናቱ፣ ጥጉና ነጠብጣቡ። "ሦስት በሽታ ነው፣ በአንድ መድኃኒት አይድንም።" ያ 72 ቆርቆሮ ያለው ሰው ሦስቱንም በአዲስ ቆርቆሮ ሊሸፍናቸው ነበር እኮ።

በማግስቱ ቆጣሪውን አጥፍቼ የሳሎኑን ኮርኒስ አንድ ክፍል አወረድኩ። ይሄን እንዳትረሱ፣ ኮርኒስ ላይ የመብራት ገመድ አለ፣ አይጥ የበላው ገመድ ደግሞ ሰው ይገድላል፣ ስለዚ መጀመሪያ መብራት ይጠፋል፣ አፍና አፍንጫም በጨርቅ ይታሰራል። የሰላሳ ዓመት አቧራ ነው የወረደብኝ። መሰላል ላይ ሆኜ የስልኬን መብራት አብርቼ ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገቡት ከቆርቆሮው የሚያበሩ ቀዳዳዎች ናቸው፣ ሚስማር የለቀቀባቸው። እነሱን ከሥራቸው ባለው ማገር ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፣ ኋላ ሲጠገን ከውጪ ማግኘት ስለሚያስቸግር።

ከዛ ጋሼ ባሉኝ መሠረት ቢላ ይዤ እንጨቱን እየወጋሁ ሄድኩ። ደህና እንጨት የቢላ ጫፍ አያስገባም፣ የነቀዘው ግን እንደ ተቀቀለ ድንች ዝም ብሎ ይቀበላል። በመዶሻ ጀርባ ስትመቱትም ደህናው ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፣ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው። አብዛኛው የአባታችን እንጨት ደህና ነበር። አባቴ ባህር ዛፉን ልጦ፣ ጥላ ሥር ደርድሮ አንድ በጋ ሙሉ አድርቆ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብቶ ነው የሠራው፣ ልጅ ሆኜ እጄ በዛ ዘይት ሲጠቁር ትዝ ይለኛል። በ2006 እኛ የቀጠልነው ግን ከእንጨት ተራ አምጥተን በሳምንቱ ነው ያቆምነው፣ እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ይጠማዘዛል፣ እና አዲሱ ክፍል ላይ ያሉት ወራጆች ከድሮዎቹ የባሰ ተጣመው አገኘኋቸው። ምስጥም ከግድግዳው በኩል የጭቃ መንገዱን ሠርቶ አንዱ ጋ ደርሶ ነበር።

የአናቱን ነገር ያገኘሁት ግን መሀል ላይ ነው። ከአናቱ አግዳሚ ወደ ታች የሚወርድ ወፍራም ቋሚ አለ፣ መብራቱን ተከትዬ ወደ ታች ሳየው ኮርኒሱ ልክ ላይ ሲደርስ አለቀ። በመጋዝ የተቆረጠ ነው። የመጋዙ ጥርስ ምልክት አሁንም አለ፣ ጫፉ ኮርኒሱን በያዘችው ቀጭን ሞራሌ ላይ አርፏል፣ ሞራሌዋ ደግሞ እንደ ቀስት ጎብጣለች። ያ ቋሚ ድሮ በመሀለኛው ግድግዳ ውስጥ አልፎ መሬት ድረስ ይወርድ ነበር። ለእህቴ ሰርግ ግድግዳውን ስናፈርስ ቋሚውን አብረን ቆረጥነው። የዛን ቀን መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጣሪያው በማግስቱ ስላልወረደ ምንም ያልሆነ መሰለን፣ ግን እንጨት ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት በአንድ ቀን አይጎብጥም፣ ዓመት በዓመት ነው ቀስ እያለ የሚወርደው፣ በየክረምቱ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ይብስበታል። መሰላሉ ላይ ሆኜ እናቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ ምንም አላለችም፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ስለዚ እባካችሁ ቤት ውስጥ ግድግዳ ልታፈርሱ ስትሉ፣ ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ መጀመሪያ ኮርኒሱን ከፍታችሁ ግድግዳው ራስ ላይ ምን እንዳረፈ እዩ። ሳሎን ለማስፋት ብለው ይሄንኑ ያደረጉ ስንት ቤቶች እንዳሉ እኔ ከዛ በኋላ በሰፈራችን ስዞር ነው ያየሁት፣ አናቱ ሲገባ ከመንገድ ይታወቃል።

መለኪያውም ቀላል ነው። ሲባጎ ከአናቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ወጥሮ ማሰር ነው፣ በደንብ መወጠር አለበት፣ አለበለዚያ ሲባጎው ራሱ ይረግብና ያሳስታችኋል። እኛ በ12 ሜትር ርዝመት መሀሉ ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ወርዶ አገኘነው። የጥጉን ደግሞ በውሃ ልክ ጎማ ለካነው፣ ያ ብርሃን የሚያሳልፈው ቀጭን ጎማ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ ሁለት ቦታ ስትይዙት ውሃው እኩል ይቆማል፣ በውስጡ አየር እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ። የተቀጠለው ክፍል የውጪ ጥግ ከሌሎቹ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል።

የአዘዞን አፈር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ላዩ ላይ ያለው ቤት ደግሞ አብሮ ይነሳል ይወርዳል። አባቴ መሠረቱን በደንብ ቆፍሮ ነው ድንጋይ የሞላው፣ እኛ ስንቀጥል ግን ሁለት ክፍል ብቻ ነው ብለን ጥልቀቱን ቀነስነው። በዛ ላይ ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ከተገነጠለ ሁለት ክረምት አልፎት ነበር፣ የግማሽ ጣሪያ ውሃ በሙሉ እዛች ጥግ ላይ ነበር የሚደፋው። ከግድግዳው ሦስት ሜትር ላይ የተከልኩት ባህር ዛፍም አለ፣ እሱ በበጋ ከዛው አፈር ውሃ ይመጥጣል፣ አንዱ ያጠጣል አንዱ ያደርቃል፣ አፈሩ ዕረፍት የለውም። ምልክቱ ሁሉ ነበር እኮ፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ፣ ላይ ሲደርስ የሚሰፋ ስንጥቅ፣ የዛ ክፍል በር ደግሞ ሐምሌ ላይ ይነክሳል፣ ጥር ላይ ይለቃል። በየዓመቱ ስንጥቁን ጭቃ መርገን ቀለም እንቀባው ነበር።

ጋሼ ለዚህኛው አትቸኩል አሉኝ። ቤቱ አሁንም እየወረደ ነው ወይስ ወርዶ ቆሟል የሚለውን ማወቅ አለብህ አሉ። ጂፕሰም በጥብጠን በስንጥቁ ላይ እንደ ማኅተም ሁለት ቦታ ለጠፍንበት፣ መዳፍ የምታክል፣ ሲደርቅ ላዩ ላይ በእርሳስ ቀኑን ጻፍኩበት፣ መጋቢት 20። ጂፕሰም አይለጠጥም፣ ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ከባድ ዝናብ በጣለ በሦስተኛው ቀን ሄጄ ሳየው ፀጉር የምታክል መስመር መሀሉን ሰንጥቃዋለች። እየሄደ ነው ማለት ነው።

አናቱን ግን ክረምት ሳይገባ ሚያዝያ ላይ ጨረስነው። ይሄን ብቻችሁን አትሞክሩት፣ የሚያውቅ ሰው ይኑር፣ ፎቅ ወይም የኮንክሪት ቤት ከሆነ ደግሞ መሐንዲስ ነው የሚጠራው። እኛ ጋሼ ቁጭ ብለው እያዘዙ ሁለት ወጣት አናጺዎች ናቸው የሠሩት። ሳሎኑ መሀል ቋሚ መመለስ ስላልፈለግን በግራና በቀኝ ግድግዳ ጥግ ሁለት ቋሚ በኮንክሪት መሠረት ላይ ቆመው በነሱ ላይ ወፍራም ካሬ ብረት ተጋደመ፣ የተቆረጠው ቋሚ እሱ ላይ እንዲያርፍ። ከዛ በፊት ግን አናቱ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከጎረቤት የጭነት መኪና ክሪክ ተዋስን፣ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ አንጥፈን፣ ከላይ ወፍራም እንጨት አቁመን፣ አናቱ አካባቢ ያሉትን የቆርቆሮ ሚስማሮች አላልተን ነው ማንሳት የጀመርነው። በአንድ ቀን 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ። እኔ ዛሬውኑ እንጨርሰው ስል ጋሼ "ስምንት ዓመት የወረደውን በስምንት ሰዓት ብታነሳው ይሰብርሃል" አሉኝ። እውነትም በየቀኑ ስናነሳ እንጨቱ ይንቋቋል፣ ቁልፉን ትንሽ አዙረን ቆም ብለን ግድግዳውን እናያለን፣ አዲስ ስንጥቅ ካለ እዛው እናቆማለን። 7 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ በቃ አሉ፣ የቀረችው ሁለቷ የእንጨቱ ጉብጠት ናት፣ ብንገፋው ሌላ ነገር እንሰብራለን። አሁን ከመንገድ ሲታይ ካልተነገረው ሰው አያውቀውም።

ነጠብጣቡን በተመለከተ፣ እሱ ከሁሉም ቀላሉ ነው ግን ብዙ ሰው የሚያየው እሱን ስለሆነ ልበል። የኛ ቆርቆሮ በሦስት ጊዜ የተገዛ ነው፣ ጌጁም የተለያየ ነው። ጌጅ ማለት የውፍረቱ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 28 ከ32 ይወፍራል፣ 35 ደግሞ ከሁለቱም ይሳሳል፣ ሻጩ ትልቅ ቁጥር ሲነግራችሁ የተሻለ እንዳይመስላችሁ። ከተለያየ ቦታ የተገዛ ቆርቆሮ ሞገዱ እኩል ላይሆን ይችላል፣ አንዱ በአንዱ ላይ በደንብ አይጋደምም፣ በሚስማር ስታስገድዱት ጠርዙ ይነሳል፣ ያ ነው ከሩቅ ያበጠ የሚመስለው። ቤት ስትጨምሩ ናሙና ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና እዛው አጋድማችሁ ሞክሩት። ሚስማሩም ጉብታው ላይ ነው የሚመታው፣ ሸለቆው ላይ ከተመታ ውሃ የሚሄደው በዛ ስለሆነ ያፈሳል፣ ጉብታው ላይም ቢሆን ቆርቆሮው እስኪደፈጠጥ ከተመታ ዙሪያው ትንሽ ገበቴ ይሠራል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ዝገቱ ከዛ ነው የሚጀምረው። የሚመታው ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ ጫን እስኪል ብቻ ነው።

ሚስማር የሚለቀው ደግሞ ያለምክንያት አይደለም። እኛ ጋ በበጋ ሌሊቱ ይበርዳል ቀኑ ያቃጥላል፣ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል ሲቀዘቅዝ ያጥራል፣ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ 6 ሜትር የሚረዝመው ኤጋ የሚባለው የቆርቆሮ ዓይነት ደግሞ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው ቋ ቋ የሚለው እሱ ነው። ይሄ በየቀኑ ለሠላሳ ዓመት ሚስማሩን ሲያወዛውዘው ቀዳዳው ይሰፋል። እኛ የለቀቁትን በሚጠመዘዝ ቪቴ ተካናቸው፣ የድሮውን ቀዳዳ በሲሊከን ደፈንን፣ ከ72ቱ ቆርቆሮ የተቀየረው 9 ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ ስትወጡ ሚስማሩ መስመር ላይ ርገጡ፣ ከሥሩ ማገር ያለው እዛ ነው፣ ከተቻለም ጣውላ አንጥፉ። ከጉድጓዶቹ ግማሾቹ የእግር ነበሩ፣ ዲሽ ሊሰቅል የወጣ፣ ኳስ ሊያወርድ የወጣ ልጅ፣ ተረከዙ ሳይቀር ይታወቃል። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ግን በጭራሽ አትውጡ።

የጥጉን ሥራ ክረምቱ ወጥቶ ኅዳር ላይ ነው የሠራነው። መጀመሪያ ውሃውን አራቅን፣ አዲስ የአሸንዳ ቱቦ ተገጥሞ እስከ ቦዩ ድረስ 4 ሜትር ተወሰደ፣ የቤቱ ዙሪያ ወደ ውጪ ተዳፋት እንዲኖረው ተደርጎ በሲሚንቶ ተለበጠ። ከዛ መሠረቱ ሥር በ1 ሜትር በ1 ሜትር እየተቆፈረ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሞላ፣ አንዱ ሳይደርቅ የጎኑ አይከፈትም፣ ሁሉንም በአንዴ ከቆፈራችሁ ግድግዳው ይመጣባችኋል። ባህር ዛፉን ቆረጥኩት። ጣሪያው ከድሮው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለውን ልዩነት በማገሩ ላይ ሽብልቅ እያስገባን አቀራረብነው እንጂ ግድግዳውን ለማንሳት አልሞከርንም።

ወንድሜ ለ72 ቆርቆሮ ብሎ ከላከው ገንዘብ ተርፎ የእናቴን መኝታ ቤት ኮርኒስ አሠራንበት። ጂፕሰሙን ደግሞ አድሰን ታኅሣሥ 5 ብዬ ጻፍኩበት። ዘንድሮ ሐምሌን አልፎ ነሐሴ እኩሌታ ላይ ነን፣ ትናንት ከዝናቡ በኋላ ባትሪ ይዤ ሄጄ አየሁት፣ አልተሰነጠቀም። በሩ ግን አሁንም ከታች በኩል ትንሽ ይይዛል፣ እንጨቱ አብጦ ይሁን ሌላ ነገር እስከ ጥቅምት አየዋለሁ።